የክፍለ ጊዜ ድልድል በሶፍትዌር ስናስተካክል የምንሠራቸው ስህተቶች

መስከረም ላይ የክፍለ ጊዜ ድልድል የተሰጠው ሰው እንቅልፍ የለውም። ሶፍትዌር ከመጣ በኋላም ጭንቀቱ አልቀረም። ስህተቱ ሰንጠረዡ ላይ ይታያል እንጂ የሚፈጠረው ቀደም ብሎ፣ መምህርና ክፍል ስንመዘግብ ነው። ብዙዎቻችን ግን ሰንጠረዡን ስንነካካ እንውላለን።

በጣም ያቃጠለኝን ላስቀድም፦ የአንድን መምህር ስም በሁለት አጻጻፍ ማስገባት። አንድ ዓመት ማክሰኞ 3ኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ የሒሳብ መምህር 9ለም 10ሀም ይጠበቅ ነበር። ሶፍትዌሩ ግጭት የለም ይላል። ተማሪዎቹ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ብንፈትሽ ብንፈትሽ ጠፋን። በመጨረሻ ስናየው አንዱ ጋ «ኃይሉ»፣ ሌላው ጋ «ሀይሉ» ተብሏል። ለእኛ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት መምህር! ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ባሉበት ፊደል ይህ በቀላሉ ይደርሳል። ስሙን በየቦታው አትጻፉ፤ አንዴ መዝግባችሁ ከዝርዝሩ ምረጡ። መለያ ቁጥርም ስጡት። ተደግሞ ካገኛችሁት መጀመሪያ ክፍሎቹን ሁሉ ወደ አንዱ ስም አዙሩ፣ ከዚያ ባዶ የቀረውን ሰርዙ።

ሌላው ሳይደምሩ ማስጀመር ነው። በቀን 7፣ በሳምንት 5 ቀን ከሆነ ያለን 35 ክፍለ ጊዜ ነው። የአንድ ክፍል ትምህርቶች ድምር 36 ከመጣ የትኛውም ሶፍትዌር ቦታ አያገኝለትም። የመምህሩንም ሎድ (በሳምንት የሚያስተምረውን ክፍለ ጊዜ ብዛት) አስሉ። አምስት ክፍል በሳምንት አምስት አምስት ጊዜ የሚያስተምር 25 አለው። አንድ ቀን ሙሉ ነጻ ከሰጣችሁት የሚቀረው 28 ነው፤ መንቀሳቀሻ ሦስት ብቻ። ፌት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር አልሳካ ሲለው የትኛው ላይ እንደተቸገረ ያሳያል። እሱን አንብቡ፤ ደጋግሞ ማስነሳት ጊዜ መግደል ነው።

ቅሬታ ሲመጣ ኤክሴል ላይ ሁለት ሳጥን መቀያየርም አለ። የተለጠፈው ወረቀት ይስተካከላል፣ ሶፍትዌሩ ግን አያውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ሲታተም አሮጌው ይመለሳል። ለውጡን እዚያው ሶፍትዌሩ ውስጥ አድርጉ። መነካት የሌለባቸውን ክፍለ ጊዜዎች ቆልፉ። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ፋይሉን ቀን ጽፋችሁ በሌላ ስም አስቀምጡ።

መምህር በዝውውር ሲሄድ ስሙን ከሶፍትዌሩ አትሰርዙ። ሶፍትዌሩ ውጤትም የሚመዘገብበት ከሆነ ያስገባው የተማሪ ውጤት አብሮት ሊጠፋ ይችላል፤ ሮስተር (የውጤት ማጠቃለያው) ሲሠራ መከራው የተማሪው ነው። ስሙን ተዉት፣ ክፍሎቹን ብቻ ለተተኪው አስተላልፉ።

የሰዓት ነገርም አለ። ጠዋት 2:00 ብላችሁ የጻፋችሁትን ሶፍትዌሩ ሌሊት ሊለው ይችላል። «1ኛ ክፍለ ጊዜ»፣ «2ኛ ክፍለ ጊዜ» ብላችሁ ሰይሙና ተገላገሉ።

አርብንም አትርሱ። በመንግሥት የሥራ ሰዓት ምሳው ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ከቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚያጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ያንን ሳጥን ለሁሉም ክፍል ዝጉት። ያኔ 35 የነበረው 34 ይሆናል፤ ድምሩን እንደገና መሥራት ነው።