የሞተሬ ጥቁር ጭስ እንዴት ቆመ

ሁለት ወር ያሰቃየኝ ሞተር ሳይክል ተስተካከለ። ከአጋሮ ወደ ጅማ ቡና ጭኜ ስመለስ ዳገት ላይ ጋዝ ስሰጠው ይታነቃል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ስፈታው ጥላሸት ለብሷል፤ ጣቴ ላይ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ይቀራል።

አንድ መካኒክ «የአየር ፊልትሮውን አውጣው፣ አየር ያግኝ» አለኝ። እውነትም ቀለል አለው። ግን በዚያ አቧራ ያለ ፊልትሮ መንዳት ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ቀለበት ማስበላት ነው። መልሼ አስገባሁት።

ነገሩ ከፍታው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተለካ ጄት (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያለ፣ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎን) ቤንዚን ያበዛል። የኔ ዋናው ጄት ቁጥሩ 105 ነበር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይጠባል። መጀመሪያ ግን ካርቡሬተሩን አጠብኩ፤ ቆሻሻ ካርቡሬተር ላይ ጄት መቀየር ልፋት ብቻ ነው። የጄቱን ቀዳዳ በሽቦ እንዳትነኩት፣ ይሰፋና ልኩ ይጠፋል።

95 ስገጥምለት ፈጠነ፣ ደስ አለኝ። ዳገቱን በሙሉ ጋዝ ወጥቼ፣ እዚያው አጥፍቼ፣ ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው ግን ነጭ ሆኗል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፒስተን እስከማቅለጥ ይደርሳል። 100 ገጠምኩ። አሁን ካንዴላው ገና ምጣድ ላይ ቀላ ማለት የጀመረ ቡና መልክ ይዟል። ትንሽ ፍጥነት ቀረብኝ፤ ጭነት ይዤ መንገድ ላይ ከመቅረት ግን ይሻለኛል። ሚኒሞውን (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት) ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አስተካከልኩ።

105ቷን መቀመጫው ስር አስቀምጫታለሁ፤ ወደ ጋምቤላ ቆላ ስወርድ እመልሳታለሁ።