የኦርኪድ ችግኝ፦ መትከያ ውስጥ ይደግ ወይስ ግንድ ላይ ይታሰር?

ቤት ውስጥ በብዛት የሚታዩት ኦርኪዶች፣ ማለትም ፋላኖፕሲስ፣ ካትሊያና አብዛኞቹ ዴንድሮቢየሞች፣ በተፈጥሯቸው አፈር አያውቁም። ዛፍ ላይ ተጣብቀው፣ ሥራቸውን አየር ላይ ዘርግተው ይኖራሉ። ከዛፉ የሚፈልጉት መቆሚያ ብቻ ነው፤ ምግቡን አይሻሙትም። ሥራቸው ቬላመን በሚባል ስፖንጅ መሰል ሽፋን የተለበጠ ነው። ውሃ ሲነካው ወዲያው መጥጦ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲደርቅ ወደ ብርማ ነጭ ይመለሳል። ይህ ሥር ውሃም አየርም በየተራ ይፈልጋል።

ስለዚህ መትከያ ውስጥ ያለ ኦርኪድ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ሥሩ አየር አጥቶ በመበስበስ ነው። ግንድ ላይ የታሰረው ደግሞ በውሃ ጥም ይሞታል። ችግኝ ገና ቅጠሉም ሥሩም ቀጭን ስለሆነ የሚያጠራቅመው ውሃ የለውም፤ አዋቂው ተክል ምንም ሳይሆን የሚያልፈው የአንድ ቀን ድርቀት የችግኙን የሥር ጫፍ ሊያደርቅ ይችላል። በየቀኑ ውሃ ማጠጣት የማይችል ሰው ችግኝ ግንድ ላይ ባያስር ይሻላል። የሚችልም ቢሆን መጀመሪያ መትከያ ውስጥ አጠንክሮ፣ ኋላ ወደ ግንድ ቢያዛውረው ይመረጣል።

ከጠርሙስ የወጣ ችግኝ

ከዘር የበቀለ ኦርኪድ የሚያድገው በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ፣ ስኳር ባለው አጋር በሚባል ጄሊ መሰል ማብቀያ ላይ ነው። ሲወጣ አጋሩን ለብ ባለ ውሃ ሙልጭ አድርገው ይጠቡት፤ ሥሩ ላይ የቀረ ስኳር ሻጋታ ይጋብዛል። ከዚያ ስፋግነም የተባለውን የደረቀ ሞስ፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ትንሽ ተክል፣ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ መንጠባጠቡን እስኪያቆም ይጭመቁት። የችግኞቹን ሥር ላላ አድርገው በሞሱ ይጠቅልሉና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አንድ መትከያ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ችግኝ አብረው ያኑሩ። ሞሱን ጠቅጥቆ መሙላት ሥሩን ያፍነዋል።

ችግኞቹ የለመዱት የጠርሙሱን እርጥበት ስለሆነ ቀዳዳ ባለው ግልጽ ፕላስቲክ ይሸፍኗቸው፤ ሽፋኑን በ3 ወይም 4 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይክፈቱ። ብርሃን ያለበት ጥላ ይበቃቸዋል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ያቃጥላቸዋል። አዲስ ሥር እስኪያወጡ ድረስ ማዳበሪያ አይስጧቸው።

ለየብቻ መትከል

ቅጠሎቻቸው መነካካት ሲጀምሩ እያንዳንዱን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወዳለው መትከያ ያዛውሩ። ግልጽ ፕላስቲክ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሥሩን ቀለም አይቶ ውሃ መጠጣቱን ማወቅ ይቻላል። «ሲያድግ ይሞላዋል» ብሎ ትልቅ መትከያ መምረጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሥር ያልደረሰበት መሃሉ እርጥብ ሆኖ ይከርምና ይበሰብሳል።

ማሳደጊያው፣ ማለትም በአፈር ፋንታ መትከያው የሚሞላበት ድብልቅ፣ 4 እጅ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የዛፍ ቅርፊት፣ 1 እጅ ፐርላይት የሚባል ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ፣ 1 እጅ የደቀቀ ከሰል ነው። ቅርፊቱን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ደረቅ ቅርፊት ውሃ ሳይመጥ በጎኑ ስለሚያሳልፍ፣ የጠጣ የመሰለው ችግኝ ሳይጠጣ ይውላል። ቅርፊቱ ሲበሰብስ ወደ ዱቄትነት ይለወጥና የአየሩን መንገድ ይዘጋል፤ ለችግኝ በየዓመቱ መቀየር አለበት።

ወደ ግንድ የሚዛወረው መቼ ነው?

ከዕድሜው ይልቅ የሥሩን ጫፍ ይዩ። እርጥብ ማሳደጊያ ውስጥ ያደገ ሥር ድንገት አየር ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ይደርቃል፤ ግንዱን የሚይዘውም እሱ ሳይሆን ቀጥሎ የሚወጣው ነው። ትክክለኛው ጊዜ ከተክሉ ግርጌ አዲስ ሥር፣ ጫፉ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ከታሰረ ለወራት ሥር ሳይሰድ ይጠወልጋል። ረጅም ጊዜ ከተጠበቀ ደግሞ የረዘመው አዲስ ሥር ሲታሰር ይሰበራል።

ሁሉም ኦርኪድ ለግንድ አይሆንም። ብራሳቮላ ኖዶሳና ዴንድሮቢየም ሊንድሌይ ግንድ ላይ ደስ ይላቸዋል። አብዛኛው ፓፊዮፔዲለምና ሥሩ ቀጭን የሆነው ሚልቶኒዮፕሲስ ግን መትከያ ውስጥ ይቆዩ። ፋላኖፕሲስ በሁለቱም ይሆናል።

አስተሳሰሩ

ምርጡ መታሰሪያ የቡሽ ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቀላልና ሻካራ ነው፣ ቶሎም አይበሰብስም። ቅርፊቱ የማይላላጥ ጠንካራ እንጨትም ይሆናል። ሙጫ የሚያንጠባጥብ፣ ቀለም የተቀባ ወይም ፀረ ምስጥ መድኃኒት የጠጣ እንጨት አይጠቀሙ፤ በእንጨት መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኘው መዳብ ለኦርኪድ ሥር መርዝ ነው። ለአንድ ወጣት ተክል 10 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ለዓመታት ይበቃል።

1. መስቀያውን ቀዳዳ አስቀድመው ይብሱ፤ ተክሉ ከታሰረ በኋላ መብሳት ሥሩን ያነቃንቃል።
2. ተክሉን ከመትከያው አውጥተው ሥሩን ለ15 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። ሥሩ ይለሰልስና ሲታጠፍ አይሰበርም። የሞተውን በአልኮል በተጠረገ መቀስ ይቁረጡ።
3. እንጨቱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እርጥብ ሞስ ያንጥፉ። ሞሱ ከሥሩ በታችና በጎን ይሁን። ግርጌውን ከሸፈነ አንገቱን ያበሰብሰዋል።
4. ፋላኖፕሲስን ቅጠሎቹ ወደ ታች አዘቅዝቀው እንዲንጠለጠሉ አድርገው ያስቀምጡ፣ የቅጠሎቹ መገናኛ ላይ ውሃ እንዳይቋጠር። ካትሊያን ደግሞ አዲሱ ቀንበጥ እንጨቱን ተከትሎ ወደ ላይ እንዲያድግ ያዙሩት።
5. በዓሣ ማጥመጃ ክር ወይም በቀጭኑ በተቀደደ የናይለን ስቶኪንግ 3 ወይም 4 ጊዜ ይጠምጥሙ። ክሩ በአሮጌው ሥር ላይ ይለፍ፣ አዲሱን ጫፍ አይንካ። የመዳብ ሽቦ አይሞከርም።
6. እንጨቱን ይዘው ይነቅንቁት። ተክሉ ትንሽም ቢወዛወዝ ፈትተው እንደገና ይሰሩት፤ የሚወዛወዝ ተክል አዲሱ የሥር ጫፍ እንጨቱ ላይ እየተፋተገ ስለሚሞት ፈጽሞ አይዝም።

ክሩ የሚፈታው አዲሶቹ ሥሮች እንጨቱ ላይ ሲጣበቁ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ወራት ይወስዳል።

ውሃና ማዳበሪያ

ግንድ ላይ ያለውን በየማለዳው፣ በሙቀት ጊዜ ማታም ጭምር፣ ሥሩ በሙሉ አረንጓዴ እስኪሆን ያጠጡ። ብልጭ አድርጎ መርጨት ሽፋኑን ብቻ ያረጥባል። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ከ50 በታች በሆነበት ክፍል ችግኝ ማሰር ትርፉ ድካም ነው። ብዙ ተክሎችን በተራ አንድ ባልዲ ውስጥ አይንከሩ፣ በሽታ በውሃው ይተላለፋል። መትከያ ውስጥ ያለው ግን የሚጠጣው ማሳደጊያው ሊደርቅ ሲል ነው።

ማዳበሪያ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህሉ በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ በደረቅ ሥር ላይ ሳይሆን ውሃ ከጠጣ በኋላ ይስጡ። ነጭ ቅርፊት የመሰለ ጨው ከታየ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት። የጠቆረ የሥር ጫፍም ብዙ ጊዜ የጨው ምልክት ነው።

ቅጠሉ ሲጨማደድ

በብዛት የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው። ግንድ ላይ ያለ ተክል ቅጠሉ ከተጨማደደ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አንሶታል፤ ለጥቂት ቀናት ውሃ ይጨምሩለት። መትከያ ውስጥ ያለው ግን ያው ምልክት እያሳየ ተቃራኒው ችግር ሊኖርበት ይችላል። ሥሩ በስብሶ ውሃ መሳብ ስላቃተው ቅጠሉ ይጠማል፣ ባለቤቱም ውሃ ይጨምርበታል፣ የቀረው ሥርም ይበሰብሳል። ውሃ ከመጨመር በፊት አውጥቶ ሥሩን በጣት መጫን ነው። ጠንከር ካለ ደኅና ነው። ባዶ ሆኖ ከተጨፈለቀና ሲጎተት ሽፋኑ ወልቆ ቀጭን ክር ብቻ ከቀረ ሞቷል፤ ቆርጠው ይጣሉትና ተክሉን በአዲስ ማሳደጊያ፣ ከበፊቱ ባነሰ መትከያ ይትከሉት።

ሙሉ በሙሉ ግንድ ላይ ማሰር የከበደው ሰው መካከለኛ መንገድ አለው። አንድ ቁራጭ የቡሽ ቅርፊት መትከያ ውስጥ ዘንበል አድርገው ያቁሙና ታችኛውን ሲሶ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቅርፊት ይሙሉ። ችግኙ ከቅርፊቱ ከፍ ብሎ ቡሹ ላይ ይታሰራል፤ ሥሩ እያደገ ሲሄድ ወይ ቡሹን ይይዛል ወይ ወደ እርጥቡ ይወርዳል።