በቀን ስምንት ቁጥር ብቻ

ከትምህርት ገበታ ከራቃችሁ ዓመታት ቢያልፉም ዳግም ለመማር ለምትሹ ሁሉ፣ ራሴን የጠቀመኝን አንድ ዘዴ ላካፍላችሁ። መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ለማንበብ ስነሣ የጀመርሁት በ118ኛው መዝሙር ነው፤ ስምንት ስምንት ቁጥር ያላቸው 22 ክፍሎች ስላሉት፣ በቀን አንድ ክፍል የሚያነብ ሰው ወር ሳይሞላ ይፈጽመዋል።

የአብነት (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት) ተማሪ ቁጥር ከሚባለው የንባብ ስልት ግእዝ ወደሚባለው፣ ከዚያም ወደ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ እንደሚሸጋገር ሁሉ፣ እኔም ማለዳ ሀዋሳ ገብርኤል ጸሎቴን አድርሼ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ስወርድ፣ አዲሱን ክፍል ከመግለጤ በፊት የትናንቱን ድምፄን አሰምቼ እደግመዋለሁ። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ያልገባኝን ቃል በእርሳስ አሰምርበትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታውን እጠይቃለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ መጠየቅ ነው። ጠብቆ የሚነበበውን አላልቼ ሳነብ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ዲያቆን ሲያርመኝ በጸጋ መቀበልን የተማርሁት ቀስ በቀስ ነው፤ ትሕትናን በተግባር ያየሁትም በዚያው ነው።

ሥራ በሚበዛባችሁ ቀን ንባቡን ከመተው አራቱን ቁጥር ጠዋት፣ የቀሩትን አራቱን ከመኝታ በፊት አንብቡ።