ቅጠሉን ጥለህ በርጫውን ያዝ፦ ያለ ጫት ዜማ መሥራት

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ኪቦርዱ ፊት ተቀምጫለሁ፣ ጉንጬ ተወጥሯል፣ ዜማው ደግሞ ከሰማይ የወረደ ነው። ዘፋኝ ጓደኛዬን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ በስልክ አንጎራጎርኩለት። እሱም በእንቅልፍ ልቡ «ይሄማ አልበም ይሸጣል» አለኝ። በማግስቱ ከሰዓት ተገናኝተን ቅጂውን ከፈትነው። ሁለታችንም ዝም አልን። ከልጅነታችን ጀምሮ ሰርግ ቤት ስንጨፍርበት የኖርነው ዜማ ነው፣ እኔ ያደረግኩት ፍጥነቱን መቀነስ ብቻ ነበር።

ይህን የምጽፈው ያን ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ነው። ግጥም ወይም ዜማ ትሠራለህ፣ ሳትቅም ብዕር አትይዝም፣ ማቆም ትፈልጋለህ፣ ግን «ካቆምኩ ጭንቅላቴ ይደርቃል» የሚል ፍርሃት አለብህ። (እህቶቼ፣ «አንተ» የምለው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው። በርጫ ላይ ስንት ሴት ገጣሚ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ።) እኔ 11 ዓመት ቃምኩ፣ ካቆምኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ለእኔ የሠራውን ነው የምነግርህ።

በመጀመሪያ የምትቅመው ነገር ምን እንደሚያደርግህ እወቅ። የጫት ዋናው ጉልበት ካቲኖን ይባላል። በአሠራሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፣ የአወዳዩም የወንዶውም ጫት በኮባ ተጠቅልሎ አይሱዙው ሰው ሊገድል እየበረረ የሚመጣው ለዚህ ነው። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ ዓይን አፋርነትንም ያነሳል። ደስ ይላል፣ አልክድም። ችግሩ ግን ምርቃና ያገኘውን ሐሳብ ሁሉ «ጸድቋል» ብሎ ማህተም ይመታበታል። ጥሩውንም፣ ተራውንም፣ የሰው የሆነውንም። የሰርግ ቤቱን ዜማዬን ያጸደቀው ያ ማህተም ነው።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በድሮው የቆሎ ትምህርት ቤት ቅኔና ዜማ ቶሎ እንዲገባቸው አብሾ የሚጠጡ ተማሪዎች እንደነበሩ ሰምተህ ይሆናል። እስከ ዛሬ መጠጥ ቀምሶ የሚያብድን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። የአብሾ ዋና ቅጠል አስተናግር ነው። አስተናግር ውስጥ ስኮፖላሚን አለ። አሁን ሳቅ፦ ስኮፖላሚን ተመራማሪዎች የሰውን ትውስታ ሆን ብለው ለጊዜው ለማዳከም ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት ነገር ነው! ያ ተማሪ ቅኔውን የያዘው በአብሾው ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ሲቀጽል ስላደረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሥራው እንግባ።

ከማቆምህ በፊት ሁለት ሳምንት ራስህን ፈትን። የምትሠራውን ሁሉ፣ ማንጎራጎርም ቢሆን፣ በስልክህ ቅዳ። ለፋይሉ ስም አትስጠው፣ ቁጥር ብቻ። የትኛው ቁጥር በምርቃና፣ የትኛው በባዶ አፍ እንደተሠራ ደብተር ላይ ጻፍና ደብተሩን ለማይቅም ሰው ስጠው። ለእናትህም ቢሆን። ባዶ አፍህን የምትሠራበት ቀን ግድ ያስፈልጋል፣ ቢያንስ አራት ቀን፣ አለዚያ የምታወዳድረው የለህም። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ጠዋት፣ ከቡና በኋላ፣ ያ ሰው ቅጂዎቹን ቀላቅሎ ያሰማህ፣ አንተም ከአስር ነጥብ ስጥ። ከዚያ ደብተሩን ክፈቱ።

የእኔን ልንገርህ። በምርቃና የሠራኋቸው የባሱ አልነበሩም፣ ረጅም ነበሩ እንጂ። አንዲት ሐረግ ይዤ አርባ ደቂቃ እዞርባታለሁ፣ ያቺው ሐረግ በባዶ አፍ ስትመጣ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ትለወጣለች ወይም ትጣላለች። ነጥቡን ስንደምረው ለባዶ አፍ የሰጠሁት በትንሹ በልጦ ተገኘ። በትንሹ ነው፣ አላጋንንም። ግን ለዚያ እኩል ነገር በቀን ስንት ብር እንደማወጣና ስንት ሌሊት ሳልተኛ እንደማድር ሳስበው ራሴን አመመኝ።

ታዲያ ለምንድን ነው «ያለ ጫት አልችልም» የምንለው? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። በርጫ ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ለአምስት ሰዓት የማይነሳ ሰው ማለት ነው። በሩ ዝግ ነው። ስልክ የሚያነሳ የለም። አጠገብህ ሥራህን የሚሰማ፣ «እስቲ ድገማት» የሚልህ ሰው አለ። ውሃው፣ ለውዙ፣ ቡናው ቀርቧል። ማንኛውንም የሙያ ሰው በየቀኑ አምስት ሰዓት እንዲህ ብታስቀምጠው አንድ ነገር ይሠራል። ምስጋናውን ሁሉ ግን ቅጠሉ ይወስደዋል።

ስለዚህ በርጫውን አታፍርሰው። ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ጫት ሲያቆም ሰዓቱንም፣ ክፍሉንም፣ ጓደኞቹንም አብሮ ይተዋል፣ ከዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ቲክቶክ ያገላብጣል፣ በወሩ «ያለ ጫት አልሠራም» ብሎ ይመለሳል። ሰዓቱን ያዘው። 8 ሰዓት ሲል ቁጭ በል፣ በሩን ዝጋ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ክፍሉ ግን የምትቅምበት ባይሆን ይሻላል። ፍራሹንና መከዳውን ሲያይ ሰውነትህ የለመደውን ይጠይቅሃልና። እኔ የወንድሜን ሱቅ ጓዳ ነው የተዋስኩት፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ከበርጫው ሰዎች አንድ ብቻ ምረጥ፣ ማቆም የሚፈልገውን። አምስቱንም ይዘህ ልትቀጥል ብትሞክር በሦስተኛው ቀን አንዱ በጥቁር ፌስታል ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። ሐራራው ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው፣ ቁጣና ድብርት ይዞ። እንቅልፍ ይጥልሃል፣ ሌሊት ደግሞ ዱካክ ያስጨንቅሃል። እኔን አንድ የማላውቀው ሰው ደረቴ ላይ ቆሞ ማሲንቆ ሲመታ አደረ። ያልፋል። በእነዚህ ሳምንታት አዲስ ነገር ፍጠር ብለህ ራስህን አታስጨንቅ፣ የእጅ ሥራ ብቻ ሥራ። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን፣ በየቀኑ በተለያየ መነሻ ድምፅ ተጫወት። የምትወደውን የድሮ ዘፈን መግቢያ በጆሮህ አውጣ። ገጣሚ ከሆንክ ኅብረ ቃል ልቀም፦ «አባይ» ወንዙም ነው ውሸታሙም ነው (ይቺ እንኳ ተበልታ አልቃለች)፣ ሌላ ፈልግ፣ በቀን አምስት። ምርቃና የማይፈልግ ሥራ ነው፣ በኋላ ግን ሲሳይ ይሆንሃል። ድብርቱ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀህ፣ ወይም ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂድ። አማኑኤል የሚሄደው እብድ ብቻ ነው የሚልህን አትስማው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ፈጠራው ተመለስ፣ ግን አጥር ሠርተህ። ባዶ ወረቀት ባዶ አፍን ያስፈራል። «ዛሬ በአምባሰል ብቻ፣ ስምንት ባር፣ ከላይ ጀምሮ የሚወርድ ዜማ» ብለህ ወስን። 40 ደቂቃ ሲሞላ አቁም፣ ባትጨርስም። ግጥም ከሆነ ወርቁን መጀመሪያ በተራ አማርኛ ጻፈው፣ ለጓደኛህ እንደምታወራ አድርገህ፣ ሰሙን ነገ ትፈልግለታለህ። የሚወጣው ቀሽም ይመስልሃል። ማህተም የሚመታልህ ስለሌለ ነው። ቅዳውና ሂድ፣ በማግስቱ ስማው።

ፍርሃቱ ካልለቀቀህ የአሜሪካዊውን የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች የሶኒ ሮሊንስን ታሪክ ያዝ። በ1940ዎቹ (በፈረንጅ) ኒውዮርክ ውስጥ ወጣት የጃዝ ሰዎች ሁሉ ሳክስፎን ተጫዋቹን ቻርሊ ፓርከርን ነበር የሚያዩት። ፓርከር ሄሮይን ይወስድ ነበር፣ እንደ ፓርከር መንፋት የፈለገ ሁሉ መርፌውንም ያዘ። ፓርከር ራሱ በ1955 ሲሞት ዕድሜው 34 ነበር፣ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ግን ከ50 በላይ መስሎት ነበር። ሮሊንስ ከተከታዮቹ አንዱ ነው፣ ሄሮይን እስር ቤትም አስገብቶታል። በዚያው በ1955 ኬንተኪ፣ ሌክሲንግተን ወደሚገኘው የመንግሥት የሱሰኞች ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ያስፈራው አንተን የሚያስፈራህ ነገር ነው፦ ንጹህ ሆኜ መጫወት እችል ይሆን? በ1956 የቀዳቸው ሥራዎች ዛሬ ድረስ ሳክስፎን ተማሪዎች ቁጭ ብለው የሚያጠኗቸው ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከ1959 እስከ 1961 ያደረገው ነው። ዝናው ጫፍ ሲደርስ መድረክ ትቶ የዊልያምስበርግ ድልድይ ላይ እየወጣ ብቻውን ሲለማመድ ከረመ፣ በብርድም በሙቀትም፣ በቀን ብዙ ሰዓት። ጎረቤቶቹን እንዳይረብሽ ብሎ ነው። ድልድዩ በርጫው ነበር በለው።

ስለ መጠጥ አንድ ነገር ሳልል አልሄድም፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችን ጉዳይ ከጫቱ ይልቅ ጨብሲው ነው። ምርቃናውን ለመስበር በቢራ ወይም በአረቄ የምትዘጋው ምሽት ማለቴ ነው። ጫቱን ስታቆም ጨብሲው ምክንያት ያጣል፣ ግን ብቻውን መቆም የለመደ ከሆነ ሳታውቀው በእጥፍ ትጠጣለህ። ናይት ክለብ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱም፣ ታዳሚውም በብርጭቆ ነው ፍቅሩን የሚገልጽልህ። አስተናጋጁን ቀደም ብለህ አስማማው፦ የተላከልህን ሁሉ በአምቦ ውሃና በሎሚ እንዲተካልህ፣ ብርጭቆው ከሩቅ ጂን ይመስላል፣ ማንም አይቀየምም። በየቀኑ ብዙ ስትጠጣ የኖርክ ከሆነ ግን መጠጡን በአንድ ቀን አትቁረጥ። ጫት እንደዚያ መቁረጥ ይቻላል። የመጠጥ ግን ሰውነትን እስከ ማንፈርፈር፣ ከዚያም እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል፣ ሐኪም ይዘህ ነው የምትወርደው።

አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያለህ ወንድሜ፣ አንተ ጋ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እንግሊዝ ጫትን ከ2014 (በፈረንጅ) ጀምሮ ከልክላዋለች፣ አሜሪካ ውስጥ ካቲኖን ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ደርቆ በፖስታ ለሚመጣልህ ገራባ መሰል ነገር ብለህ የመኖሪያ ወረቀትህን አደጋ ላይ ትጥላለህ።

የምርቃና ዘመን ቅጂዎችህን ደግሞ አትደምስሳቸው። እኔ በንዴት ላጠፋቸው ነበር፣ ጓደኛዬ ነው የከለከለኝ። ካቆምኩ በስድስት ወሬ፣ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ስበላ አንድ አንዱን እየሰማሁ አጣራኋቸው። ከ140 በላይ ቅጂ ውስጥ የምትሆን ሦስት ስንኝና አንዲት የመግቢያ ዜማ አገኘሁ። ዜማዋ ጥሩ ናት፣ እውነቴን ነው። ባለፈው ዓመት ሸጥኳት።