ለሞዴል ጀልባ ተቀባይ የሴራሚክ ፊልተር ስንመርጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ከአሮጌ ቦርድ የተነቀሉ ዕቃዎች የሞሉበት ጣሳ አይጠፋም። ሞዴል ጀልባና መኪና የሚሠሩ ወጣቶች ለተቀባያቸው ፊልተር፣ ማለትም የተፈለገውን ቻናል አሳልፎ ሌላውን የሚከለክል ትንሽ ዕቃ፣ የሚፈልጉት ከዚያ ጣሳ ውስጥ ነው። ይህ ምንም ነውር የለውም፤ ያልተሰነጠቀ የሴራሚክ ፊልተር ከአሮጌ ሬዲዮ ቢወጣም በደንብ ይሠራል። የሚያሳዝነኝ ግን 455 የሚል ቁጥር የታተመበትን ሁሉ እንደ አንድ ዕቃ መቁጠራችን ነው። ጣና ላይ የተለቀቀች ጀልባ መሪዋ እየተንቀጠቀጠ ከእጅ ስትወጣ ባትሪው ይወቀሳል፣ አንቴናው ይወቀሳል፤ ፊልተሩን የሚጠረጥር የለም።

በቅድሚያ ተቀባዩ ፊልተር የሚቀበል ዓይነት መሆኑ ይታይ። በገበያ የሚሸጡት የ27 እና የ49 ሜጋ ኸርዝ ርካሽ መጫወቻዎች አብዛኞቹ ተቀባያቸው ሱፐር ሪጄኔሬቲቭ የሚባለው ቀላል ዓይነት ነው፤ ቻናሉን የሚወስነው ክሪስታልም ሆነ ፊልተር የለውም፣ ቢጨመርበትም አይጠቅመውም። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ተቀባዮችም በዚህ አይዳኙም። እዚህ የምናወራው ክሪስታሉ እየተነቀለ ስለሚቀየርበት ስለ ሱፐር ሄትሮዳይን ተቀባይ ነው፤ እሱ ከአንቴናው የመጣውን ሞገድ በክሪስታሉ እየታገዘ ወደ 455 ኪሎ ኸርዝ ያወርደዋል፣ ፊልተሩም የሚያጣራው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። ብዙ የቴሌቪዥን ሪሞቶች ውስጥ «455ኢ» የተጻፈበት፣ ሁለት እግር ያለው ትንሽ ባለቀለም ዕቃ አለ። ብዙዎች ነቅለው ተቀባይ ላይ ይበይዱታል። ይህ ግን ሬዞኔተር ነው፤ የተሠራው የሪሞቱን ቺፕ ምት እንዲጠብቅ እንጂ ሞገድ እንዲያጣራ አይደለም። እኛ የምንፈልገው ፊልተር መግቢያ፣ መውጫና ግራውንድ ስላለው ቢያንስ ሦስት እግር አለው። ሬዞኔተሩ ላይ ያለው «ኢ» ደግሞ ፊልተር ላይ ካለው «ኢ» ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ስለዚህ ጽሑፉን ከማንበብ በፊት እግሩን መቁጠር ይሻላል።

ፊደሉን ችላ ማለት ሌላው ጥፋት ነው፤ ጉዳዩም ሰፊ ነው። የጃፓኑ ሙራታ በሠራቸው የ455 ኪሎ ኸርዝ ፊልተሮች ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል የሚያሳልፉትን ስፋት ይናገራል። የሞገዱ ጉልበት በ6 ዴሲቤል (ወደ ሩብ ገደማ) እስኪወርድ ድረስ «ዲ» ከመሃሉ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ኪሎ ኸርዝ ያሳልፋል፤ «ኢ» 7.5፣ «ኤፍ» 6፣ «ጂ» 4.5፣ «ኤች» 3 ብቻ። እንግዲህ አውሮፓ ውስጥ ለጀልባና ለመኪና በሚያገለግለው የ40 ሜጋ ኸርዝ መስመር ቻናሎቹ የሚራራቁት በ10 ኪሎ ኸርዝ ነው። «ዲ» የገባበት ተቀባይ የጎረቤቱን ቻናል በሙሉ በር ከፍቶ ያስገባዋል ማለት ነው። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ችግሩ አይታየውም። ሁለተኛው ልጅ አስተላላፊውን ይዞ ባሕር ዳርቻው ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱም ጀልባዎች ያብዳሉ። በፊደል የሚመሳሰሉ ሁለት ፊልተሮችም እኩል አይደሉም፤ «ሲኤፍደብልዩ» የሚባለው የሙራታ ሞዴል ውስጡ ስድስት ኤለመንት (የሚያጣራ የሴራሚክ ክፍል) ስላለው አራት ኤለመንት ካለው «ሲኤፍዩ» ይልቅ የጎረቤትን ሞገድ አጥብቆ ይከለክላል።

ይህን የተረዳ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳትና ያገኘውን ጠባቡን ፊልተር ያስገባል። እስቲ እናስላ። ስህተቱ ከሚሊዮን 30 የሆነ ክሪስታል በ40 ሜጋ ኸርዝ ላይ 1.2 ኪሎ ኸርዝ ሊስት ይችላል። አስተላላፊውና ተቀባዩ በተቃራኒ አቅጣጫ ከሳቱ ልዩነቱ 2.4 ይሆናል። የሞዴል ኤፍ ኤም ምልክት ራሱ ወደ 1.5 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ይወዛወዛል። በዚያ ላይ የሴራሚኩ መሃል ከፋብሪካው ሲወጣም ትንሽ ዝንፍ ይላል፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ይንሸራተታል። የጮቄን ጠዋት ከዓባይ በረሃ ቀትር ጋር ማነጻጸር ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ የታሸገ የጀልባ ሆድማ ከሁለቱም ይብሳል። ይህ ሁሉ ሲደመር «ኤች» ከሚፈቅደው 3 ኪሎ ኸርዝ ያልፋል፤ ጠዋት በደንብ ስትታዘዝ የነበረች ጀልባ ከሰዓት በኋላ አልሰማም ትላለች። የክሪስታሉ ጥራት በማይታወቅበት በእኛ ገበያ «ጂ» ምርጫዬ ነው፤ እሱ ከጠፋ «ኤፍ»። «ኤች»ን የማስገባው ክሪስታሎቹ ጥሩ መሆናቸውን በፍሪኩዌንሲ መለኪያ ካረጋገጥኩ ብቻ ነው።

ጠባብ ፊልተር ሁሉን ይፈውሳል ማለትም ስህተት ነው። ቻናሉ 40.675 ሜጋ ኸርዝ ከሆነ የተቀባዩ ክሪስታል በ455 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ 40.220 ላይ ይሠራል፤ በዚህ ጊዜ 39.765 ላይ ያለ ጣቢያም ከክሪስታሉ በዚያው ልክ ስለሚርቅ 455 ሆኖ ይገባል። ከቻናሉ 910 ኪሎ ኸርዝ ርቆ ስለሚመጣው ስለዚህ ጥላ ሞገድ የ455ቱ ፊልተር የሚያውቀው ነገር የለም። እሱን የሚመልሰው ከአንቴናው አጠገብ ያለው ለቻናሉ የተቃኘ የሽቦ ጥቅል (ኮይል) ነው፤ ወይም መጀመሪያ ወደ 10.7 ሜጋ ኸርዝ የሚያወርድ ባለሁለት ደረጃ ተቀባይ።

የ10.7 ፊልተር ከኤፍ ኤም ሬዲዮ በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን በመግቢያውም በመውጫውም በኩል የሚገናኘው ወረዳ 330 ኦም ኢምፒዳንስ (ለሞገዱ ያለው መቋቋም) እንዲኖረው ይፈልጋል። የ455ቱ እንደ ፊደሉ 1,500 ወይም 2,000 ኦም ነው። ይህን ሳያመጣጥኑ መግጠም የፊልተሩን ቅርጽ ያበላሸዋል። ቀጥተኛ የባትሪ ቮልቴጅም በፊልተሩ መግቢያና መውጫ መካከል እንዳያርፍ በካፓሲተር ይከለል። ሲበየድ ካውያው እግሩ ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ ባይቆይ መልካም ነው።

ከተገጠመ በኋላ ፍተሻው ውኃ ላይ አይጀመር። ጀልባዋን ሜዳ ላይ አስቀምጡ፤ ጓደኛችሁ በቀጣዩ ቻናል የሚሠራ አስተላላፊ ከፍቶ አጠገቧ ይቁም፤ እናንተ የራሳችሁን ይዛችሁ እየራቃችሁ ሂዱ። መሪዋ መንቀጥቀጥ ስትጀምር የቆማችሁበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ጓደኛችሁ አስተላላፊውን ያጥፋና እንደገና ሞክሩ። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ከሆነ ፊልተሩ ሰፍቷል ወይም አልተመጣጠነም። ርቀቱ እኩል ሆኖ ሁለቱም አጭር ከሆኑ ግን ፊልተሩን ትታችሁ አንቴናውንና ክሪስታሉን ፈትሹ።