ካዮቲ ጓሯችሁ ከገባና ከነከሰ

በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ገና ሳይነጋ፣ ውሻዬን ቡቺን ላስወጣ የጓሮውን በር ከፈትኩ። የቆሻሻው ከረጢት አጥሩ ሥር ተዘርግፏል፤ አንድ ካዮቲ (ቀበሮ የሚመስል አውሬ) የበጉን ቅልጥም በአፉ ይዞ ቆሟል። ቡቺ ዘሎ ሄደበት። ከአንድ ደቂቃ በታች ነው ሁሉም ያለቀው። ካዮቲው አጥሩን ዘሎ ወደ ክሪኩ (ወደ ጅረቱ) ወረደ፣ ቡቺ አንገቱን ተነክሶ እየጮኸ መጣ፣ እኔም ሳላስብ በባዶ እጄ አቀፍኩት። ጸጉሩ በምራቅ ርሷል። ጣቴ ላይ ደግሞ ቅዳሜ ለዶሮው ሽንኩርት ስከትፍ የቆረጠኝ ቢላ ቁስሉ ገና አልደረቀም።

የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። በየክሪኩ ዳር ካዮቲ እየበዛ ስለሆነ፣ ያን ቀን ስለ እብድ ውሻ በሽታ የተማርኩትን ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ መታጠብ ነው፣ ሐኪም ቤት ከመደወልም በፊት። ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ስልኬን 15 ደቂቃ ላይ ሞላሁ፣ ቁስሉን ከፈት እያደረግኩ በሳሙና አሸሁት። አምስት ደቂቃ ሲሞላ “ይበቃል” ያሰኛል። አይበቃም። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ አጥቦ ማውጣት የሚቻለው ያኔ ነው። ቡና መነስነስ፣ አመድ ወይም ሎሚ ማድረግ ይቅር።

ቀጥሎ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ “ውሻሽ የተከተበ ነው፣ አያሰጋም” ብሎ መለሰኝ። ቡቺ መከተቡ ለቡቺ ነው፤ ቁስሌን የነካው ግን የካዮቲው ምራቅ ነው። ለካውንቲው ጤና ቢሮ ስደውል ነገሩን አንድ በአንድ ጠይቀው ዛሬውኑ ኢመርጀንሲ ሂጂ አሉኝ። እናንተም ብትመለሱ እዚያ ደውሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት በጊዜ የተወጋ ሰው ግን ይተርፋል። ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚወስድ፣ ቀን አለፈብኝ ብሎ መቅረትም ስህተት ነው።

መርፌውን እንነጋገርበት፣ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ስለሆነ። ታላቅ ወንድሜ ልጅ ሳለን በውሻ ተነክሶ ፓስተር ተመላልሶ በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ አይቻለሁ። እህቴም ስትደውልልኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ “ሆድሽ ላይ ነው?” ብላ ነው። አሁን እንደዚያ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ኢሚዩን ግሎቡሊን የሚባለውን፣ ቫይረሱን ወዲያው የሚከላከል የተዘጋጀ መድኃኒት፣ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጉታል፤ እሱ ያማል። ክትባቱ ክንድ ላይ ነው፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያም በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን። በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው በ28ኛው ቀን ይጨመርለታል። ሂሳቡ ከባድ ነው፣ አልዋሽም። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው መድኃኒቱን የሚያመርቱት ድርጅቶች የእርዳታ ፕሮግራም እንዳላቸው ይጠይቅ፤ በገንዘብ ምክንያት ግን ቤቱ አይቀመጥ።

ለውሻው ደግሞ ጓንት አድርጋችሁ እጠቡት፣ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የክትባቱ ጊዜ ያላለፈበት ውሻ ወዲያው ተደግሞለት 45 ቀን ተለይቶ ይቀመጣል። ቴክሳስ ውስጥ ያልተከተበ ውሻ ወይ ይገደላል ወይ 90 ቀን ይዘጋበታል። ሕጉ 16 ሳምንት ሳይሞላው ይከተብ የሚለው በከንቱ አይደለም።

ካዮቲውን አታሳድዱ፤ ለከተማው አኒማል ኮንትሮል (የእንስሳት ቁጥጥር ክፍል) ደውሉ። ከተገደለ የሚመረመረው አንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱ መመታት የለበትም።

በቀን ያያችሁት ካዮቲ ሁሉ አብዷል ማለት አይደለም። በጸደይ ግልገሎቹን ለመመገብ በጠራራ ፀሐይም ይወጣል፤ ጸጉሩ የተመለጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ እከክ ይዞት ነው። የሚያስፈራው የሚንገዳገድ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ሰው እያየ ሳይሸሽ የሚመጣ ነው። ከነከሰ ግን ጤነኛ ቢመስልም ልዩነት የለውም፣ ምልክቱ ሳይታይበትም ያስተላልፋል።

ቴክሳስ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1988 በሜክሲኮ ድንበር አካባቢ ካዮቲዎች ከውሻ ወደ ውሻ የሚዛመተውን ዓይነት የእብድ ውሻ ቫይረስ ይዘው ወደ ሰሜን መዛመት ጀመሩ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ከ1995 ጀምሮ በዓሣ ዱቄት የተለወሰ የሚበላ ክትባት ከአውሮፕላን ተረጨላቸው፣ በ2007 አሜሪካ ከዚህ የውሻ ዓይነት ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተነገረ። ዛሬ ካዮቲ በሽታውን የሚያገኘው እንደ ስከንክ (መጥፎ ሽታ የሚረጭ ትንሽ አውሬ) ካሉ አውሬዎች ነው፤ አልፎ አልፎ ቢሆንም ያገኛል።

እኔ ቤት ያመጣው አጥንቱ ነው። ቅርጫ ስንካፈል፣ በግ ስናርድ፣ የሚጣለው ብዙ ነው። አሁን አጥንቱንና አንጀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር አስገባዋለሁ፣ የቆሻሻ መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ብቻ አወጣዋለሁ። የድመት ምግብም ደጅ አያድርም። ቡቺን ሳወጣ በገመድ ይዤ፣ የድስት ክዳንና ማንኪያ ይዤ ነው። ካዮቲ ካያችሁ ውሻውን ቀድማችሁ አንሱት፣ አትሩጡ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ጩኹ፣ ክዳኑን ምቱ፣ ዞሮ እስኪሄድ ድረስ ዓይናችሁን አትንቀሉበት።