የኪት መኪና ቡሎኖች የማጥበቂያ ልክ የሚገኝበት ቦታ

ኪት መኪና (በክፍሎች ተገዝቶ፣ ከሌላ መኪና በተወሰዱ ክፍሎች ጭምር የሚገጣጠም መኪና) በሚገጣጠምበት ጊዜ የአምራቹ መመሪያ ለብዙ ቡሎኖች የማጥበቂያ ልክ (ቡሎኑ የሚጠብቅበት የማዞሪያ ኃይል መጠን) ሳይሰጥ ካለፈ፣ ልኩን ክፍሉ በተወሰደበት መኪና የጥገና መጽሐፍ ውስጥ መፈለግ ይገባል። ለምሳሌ ኪቱ የማዝዳ ኤምኤክስ-5ን ሞተርና ፍሬን የሚጠቀም ከሆነ፣ ለእነዚህ ክፍሎች የሚያገለግለው የዚያው ሞዴልና የምርት ዘመን የማዝዳ መጽሐፍ ነው።

የኪት አምራቹ ራሱ ለሠራቸው ክፍሎች ልክ ከጠፋ፣ በቅድሚያ አምራቹን መጠየቅ፣ መልስ ካልተገኘ ደግሞ የቡሎኑን ራስ መመልከት ነው። ቡሎን የሚጠብቀው በመጠኑ ተስቦ ክፍሎቹን ሲጨብጥ ነው፤ በቡሎኑ ራስ ላይ የተቀረጸው 8.8 ወይም 10.9 የብረቱን ጥንካሬ ስለሚናገር፣ ከውፍረቱ ጋር ተያይቶ በመደበኛ ሰንጠረዥ ላይ ልኩን ያሳያል፤ ጥርሱ ደረቅ የሆነ የ8.8 ቡሎን ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 25፣ 10 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 50 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል።

ሰንጠረዡ ግን ጥርሱ አሉሚኒየም ውስጥ ለሚገባ ቡሎን አይሠራም፤ ቡሎኑ ሳይበጠስ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ቀድሞ ይላጫል። ግሪስ ወይም ዘይት በነካው ጥርስ ላይም የደረቁን ልክ መጠቀም ቡሎኑን ከሚገባው በላይ ይስበዋል። የሞተር ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ቡሎንማ ከመጽሐፉ ውጭ በምንም ግምት አይጠበቅም።